ዕረፍት ይገዛልን?

በቋንቋችን «ዐረፈ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። የደከመ ሰው ሥራውን ሲያቆም ዐረፈ ይባላል፤ መንገደኛ ከአንድ ቤት ገብቶ ሲያድር ዐረፈ ይባላል፤ ደግሞም ሰው ከዚህ ዓለም ሲለይ ዐረፈ ይባላል። የቅዱሳንን መታሰቢያ የምናከብርበትን ቀን ሳይቀር የዕረፍታቸው ቀን ብለን እንጠራዋለን። አንድ ቃል ይህን ሁሉ መሸከሙ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። አባቶቻችን የሥራን ማቆም፥ የእንግዳን ማደሪያና የነፍስን መግቢያ በአንድ ስም ሲጠሩ፥ ዕረፍት ማለት ባዶ መሆን ሳይሆን ወደ አንድ ስፍራ መድረስ መሆኑን ሳያስተውሉ አልቀሩም። በዘመናችን ግን ቃሉ ሌላ ትርጕም ተጨምሮበታል፤ ይኸውም በገንዘብ የሚገዛ፥ በአውሮፕላን የሚኬድበት፥ በባሕር ዳር ተጋድመው የሚቀበሉት ነገር ሆኗል። ስለዚህ ስለ ኋለኛው ዕረፍት ነው ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋር ልነጋገር የምወደው።

ነገሩን ያነሣሁት በሩቅ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር ከእናቴ፥ ከታናሽ እኅቴ፥ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በዛንዚባር ደሴት ስምንት ቀን ሰንብቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ ያለው ወሬ በተነሣ ቍጥር ፊቴን የማዞር ሰው ነበርሁ። «የክርስቲያን ዕረፍቱ በሰማይ ነው» እያልሁ ሌላውን እገሥጽ ነበር፤ እኔ ራሴ ግን እሑድ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ስተኛ የሚገሥጸኝ አልነበረም። ተግሣጼ ከፊሉ እውነት፥ ከፊሉ ደግሞ ማሰብን መሸሽ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሥራን ያዘዘ አምላክ ዕረፍትንም በትእዛዝ ሰጥቷል እንጂ ለደካማ ሰው እንደ ምጽዋት አልጣለለትም፤ ሰንበትን ማክበር ከአሥሩ ቃላት አንዱ ነውና። እንግዲህ ማረፍ ይገባልን ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ይገባል። የሚያስፈልገው ከማን ጋር፥ ደግሞም በማን ድካም እናርፋለን ብሎ መጠየቅ ነው።

እኅቴ በአሜሪካ አገር አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ሴት ናት። ሥራዋ የማይነሡትን ማንሣት፥ የማይተኙትን ማስተኛት፥ አልጋ ማንጠፍና ሰውነት ማጠብ ነው። ቀን ደግሞ ልጆቿን ታሳድጋለች። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ትመጣ ነበር፤ ያለፈው ጊዜ ጠይቃን ስትሄድ ግን ከመጣችበት ቀን ይልቅ ደክማ ተመለሰች። በኋላ በስልክ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፥ ሃያ አንድ ቀን ነበረኝ። የደረስሁትን ለቅሶ ቈጥሬ አልጨርሰውም፤ ሁለት ሠርግ፥ አንድ ክርስትና፥ በየቀኑም አንድ ቤት ግብዣ። እማዬ ጠዋት በር ላይ ቆማ ትሸኘኛለች፤ ማታ ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ። ከእናቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልቀመጥ ተመለስሁ። አሁን ግን እማዬን ይዘህልኝ ና፤ ከሰው ሁሉ ርቀን በአንድ ስፍራ እንቀመጥ።»

ስፍራው ዛንዚባር መሆኑን ስትነግረኝ የመጀመሪያው መልሴ ቍጣ ነበር። ገንዘቡ ለስንት ችግረኛ በደረሰ ነበር፤ ደግሞስ ዘመድን ሸሽቶ ከዘመድ ጋር መቀመጥ ምን ዓይነት ነገር ነው? ከሁሉም በላይ ፈቃድ ያገኘችበት ጊዜ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነበረ። እናታችን ደግሞ በየዓመቱ ፍልሰታን ሱባዔ ይዛ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የምታሳልፍ ሴት ናት። «እንግዲያውስ እማዬ ትፍረድ» አለች እኅቴ። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሆናት እናቴ ነገሩን ሰምታ ጥቂት ዝም አለችና የንስሐ አባቷን ጠይቃ መጣች። «ጾሙ አብሮሽ ይሂድ ብለውኛል፤ ልጄ ጠርታኝ አልሄድም አልልም» ብቻ ነበር ቃሏ።

በኋላ ሳስበው እኅቴ የጠየቀችው ነገር ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ሱባዔ ማለት ከቤት ወጥቶ፥ ከወሬና ከግብዣ ርቆ፥ ለነፍስ ጊዜ መስጠት አይደለምን? ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ የሚበሉበት ጊዜ ያጡትን ደቀ መዛሙርት ጌታችን ወደ ጭር ያለ ስፍራ ይዟቸው እንደ ሄደ ወንጌል ይነግረናል። ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው እንደ ደረሰና ጌታም እንዳልመለሰው ደግሞ ይነግረናል፤ ስለዚህ ያ ጭር ያለ ስፍራ በገመድ የታጠረ አልነበረም። የዘመድ ጥየቃ የፍቅር ሥራ ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ እንደ ዕዳ የሚቈጠር ከሆነ ሰንብቷል፤ ያልመጣው ይታማል፥ የመጣውም በሰዓቱ ይታዘባል። ከሩቅ አገር የመጣን ልጅ እንዲህ ተከፋፍለን ከጨረስን በኋላ ለምን ሸሸን ብለን ልንወቅስ አይገባንም።

ሱባዔና የባሕር ዳር ዕረፍት ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሱባዔ የያዘ ሰው መሬት ላይ ይተኛል፤ በሶውን ራሱ ይበጠብጣል፤ ውሃውን ራሱ ይቀዳል። በባሕር ዳሩ ሆቴል ግን ያንተ ዕረፍት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የመጣሁበት ነጥብ ይህ ነው።

ዛንዚባር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል የምትርቅ፥ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ የታንዛንያ ክፍል ናት። ስሙ የብዙ ደሴቶች ሲሆን ታላላቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ፤ እንግዳ የሚበዛባት ኡንጉጃ ናት። በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዎቿ 1.89 ሚሊዮን ያህል ሆነው ተገኝተዋል፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ የ44 ዶላር የመድን ዋስትና እንዲገዛ ታዟል። ቅርንፉዱ፥ ቀረፋውና ኮኮናቱ የታወቀ ነው፤ የባሕሩንም ውበት ለመግለጽ እኔ ብቁ አይደለሁም። ውሃው ከዳር ነጣ ብሎ ይጀምርና አረንጓዴ ይሆናል፥ ከኮራሉ ዐለት ወዲያ ደግሞ እንደ ቀለም ሰማያዊ ነው። እናቴ ባሕርን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየች ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንንም አላነጋገረችም።

የከተማይቱ አሮጌ ክፍል ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በዚያ አንድ ቀን አሳለፍን። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ መቀመጫውን በ1840 ገደማ ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ፥ የደሴቲቱ ባለጸግነት የቆመው ከየብስ ታስረው በሚመጡ ባሪያዎች ጫንቃ ላይ ነበር። ቅርንፉዱን የተከሉት፥ ያረሙትና የለቀሙት እነርሱ ናቸው። የባሪያው ገበያ በ1873 በውል ተዘጋ፤ በስፍራውም የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ባርነት ግን በሕግ የተሻረው በ1897 ነው። ሰዎች ይታሰሩበት ነበር የሚባለውን ዝቅተኛ የድንጋይ ክፍል ጎንበስ ብለን አየን። ከዚያ ወጥተን በመኪና ወደ ሆቴላችን ስንመለስ፥ የቀዘቀዘ ፎጣ በሳህን ይዞ በር ላይ የሚጠብቀን ወጣት ነበረ። ማናችንም ወዲያው እጃችንን አልዘረጋንም።

ነገር እንዳላበዛ እፈራለሁ። ደመወዝ የሚከፈለውን ሠራተኛ ባሪያ ብሎ መጥራት ባሪያውንም ሠራተኛውንም መስደብ ነው። ሠራተኛው በፈቃዱ መጥቷል፤ ሲፈልግ ይሄዳል፤ በሚያገኘው ገንዘብ ልጁን ያስተምራል። እንግዳ ባይመጣ ኖሮ በዚያ ጠረፍ ብዙ ቤት ያዝን ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላም ልቤ ለምን እንዳልዐረፈ ነው ለራሴ መመለስ ያቃተኝ።

ሆቴሉ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከጃምቢያኒ መንደር አጠገብ የሚገኝ፥ ሪዞርት የሚሉት ዓይነት ነው። እንደ ደረስን በየእጃችን የማይፈታ የወረቀት ማሰሪያ አሰሩልን፤ እርሱን ያሰረ ሰው ሳይከፍል ይበላል፥ ሳይጠይቅ ይጠጣል። ገመድ ከተዘረጋበት ወዲህ ያለው አሸዋ በየማለዳው በመጥረጊያ ይበጠራል። በየስፍራው የተለጠፈው ጽሕፈት ገነት እንደ ገባን ይናገራል። እኔ ግን የመጀመሪያው ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን አስታወስሁ፤ ሥራ የሌለበት ገነት መጽሐፍ አያውቅም። በዚህኛውም ገነት ቢሆን ሥራ አለ፤ ልዩነቱ እንግዳው እንዳያየው መደረጉ ነው። አሸዋው የሚጠረገው ሳንነቃ ነው፤ የልብሱ እጥበት ከግንብ በስተጀርባ ነው፤ ሠራተኞቹም የሚገቡበት በር ሌላ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት መጥታ አልጋዎቹ ተነጥፈው፥ ፎጣዎቹ ታጥፈው፥ ወለሉም ተጠርጎ አገኘች። እኅቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምራ ነቅታ ስለ ነበር ሁሉን ሠርታ ጨርሳለች። ከሥራዋ የራቀች መስሏት ነበር፤ እጇ ግን አልራቀም። ሴቲቱ ደንግጣ ቆመችና በእንግሊዝኛ «የትላንቱ ሥራዬ አልወደዳችሁትም?» ብላ ጠየቀች። እኅቴ ለመርዳት እንደ ሆነ ነገረቻት። የሴቲቱ ፊት አልፈታም። አለቃዋ የጸዱትን ክፍሎች በቀን እየቈጠረ እንደሚጽፍ፥ እንግዶች ራሳቸው ካጸዱ ግን እርሷ ምን ትሠራለች እንደሚባል አስረዳቻት። «እባክሽ ተዪልኝ» አለቻት በመጨረሻ።

እኅቴ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። «እኔ እኮ ነኝ፥ ጋሼ» አለችኝ። «እኔም በክፍል ቍጥር ነው የምቈጠረው። ለአንድ ሳምንት እኔን የምትሆን ሴት ቀጠርሁ ማለት ነው፤ እርሷን ማሳረፍ ደግሞ አልችልም፤ ባሳርፋት እንጀራዋን እወስድባታለሁ።»

ይህን ችግር በቀላሉ የሚፈታ ሰው ካለ ብሰማው ደስ ይለኛል። እኔ ያሰብሁት ይህን ነው። የሰንበት ሕግ ለባለቤቱ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ወንድና ሴት ልጁን፥ ሎሌውንና ገረዱን፥ ከብቱን፥ በደጁም ያለውን መጻተኛ አብሮ ያሳርፋል። ሕግ ሰጪው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መዘርዘሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ዐረፍሁ እያለ ድካሙን ወደ ሌላው ትከሻ ማዛወር እንዴት እንደሚቀለው ያውቃልና። እንግዲህ በሕጉ ዓይን ዕረፍት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ካላረፈ ማንም አላረፈም። ገንዘብ ሊገዛ የሚችለው የሌላውን ሰው ሰዓት ነው። ያ ሰዓት የእኔን ሥራ ይቀንስልኛል፥ እውነት ነው፤ ሥራ መቀነስና ማረፍ ግን አንድ እንዳልሆኑ እኅቴን ያየ ሰው ይመሰክራል። አልጋ ሳታነጥፍ፥ ድስት ሳትጥድ ብዙ ቀን አሳልፋ ዓይኗ እንደ ቀላ ነበር።

ደመወዝ ተከፍሏል የሚለው መልስ ዕዳን ይዘጋል፤ ዝምድናን ግን አይከፍትም። ጉርሻ መስጠትም እንዲሁ ነው። ልስጥ አልስጥ አልልም፤ ይሰጥ። ነገር ግን ጉርሻ የሚሰጠው እጅ ብዙ ጊዜ ፊትን ላለማየት የሚዘረጋ እጅ መሆኑን በራሴ አይቻለሁ።

እናቴ በዚህ ነገር ከሁላችን ትለይ ነበር። በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ጨረቃ በሞላችበትና በጠፋችበት ሰሞን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ውሃው እጅግ ርቆ ይሄድና ሰፊ ሜዳ ይታያል። በዚያን ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ካስማና ገመድ ይዘው ይወጣሉ። ምዋኒ የሚባለውን የባሕር ሣር በካስማዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ እየቈራረጡ ያስራሉ፤ ሲያድግ ሰብስበው በፀሐይ ያደርቁታል። ይህ እርሻ በዛንዚባር የተጀመረው በ1989 ገደማ ሲሆን አራሾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሣሩ ወደ ውጭ አገር ተልኮ በጥርስ ሳሙናና በአይስ ክሬም ውስጥ ማወፈሪያ ይሆናል። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ባሕሩም እየሞቀ በመሄዱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት በብዙ ስፍራ ጠፍቷል። አንዳንድ እንግዶች ሣሩ እግራቸውን ስለሚነካቸው ያማርራሉ፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ካማረሩት አንዱ ነበርሁ።

እናቴ ከተጋደመችበት ረጅም ወንበር ቀና ብላ ሴቶቹን አየቻቸው። «እነዚያ ምን ያደርጋሉ?» አለች። ነገርኋት። «ባሕር ያርሳሉ በለኛ!» አለችና፥ «በዕድሜ እኔን የሚያክሉ አሉባቸው፤ እነርሱ አጎንብሰው እኔ ተጋድሜ አላያቸውም» ብላ ተነሣች። ወንበሩን ከዚያ በኋላ አልተመለሰችበትም፤ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያምዋን ትደግም ነበር። ሴቶቹ ሲመለሱ በአጠገቧ ያልፋሉ። ከእነርሱ በዕድሜ የሚያንሱት «ሺካሞ» ይሏታል፤ በስዋሂሊ ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው፥ እግርዎን ያዝሁ እንደ ማለት። እርሷም መልሱን ተምራ «ማረሃባ» ትላለች። ሰዓት አቈጣጠራቸውም እንደ እኛ ከንጋት የሚጀምር መሆኑን ባወቀች ጊዜ እጅግ ደስ አላት፤ አራት ሰዓት ሲሏት አራት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ያልገጠመላት የእኅቴ ባል ብቻ ነበር።

ጾሙም ያላሰብነውን አደረገልን። በገበታው ላይ የተደረደረው ሥጋና ቅቤ ለእኛ አልሆነም፤ ምግቡ ሲተርፍና ሲደፋ ማየትም ያስከፋ ነበር። ከሥጋና ከወተት መከልከላችንን የሰማ አንድ አስተናጋጅ ወደ ጓዳ ገብቶ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ጎመን ይዞልን መጣ። ከሠራተኞች ማእድ የተወሰደ ነበር። ለተከታዮቹ ቀናት የእነርሱን ምሳ በላን። ልጆቹ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያን ወደዱት። ጾም ዝቅ ያደርጋል ሲባል በቃል የማውቀው ነገር ነበር፤ በሳህን ሲመጣ ግን ያን ጊዜ አየሁት።

እናቴ ጀበናና የተወቀጠ ቡና ከአዲስ አበባ ይዛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክፍል የምታጸዳውን ሴት ቡና ጠጪ አለቻት። ሴቲቱ በእንግዳ ክፍል መቀመጥ ክልክል መሆኑን ነገረቻት። እናቴ ይህ ሊገባት አልቻለም። ወደ ቤቷ የገባች ሴት ሳትቀመጥ ስትወጣ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። «ቤቱ የእኔ ካልሆነ ለምን አስገባችሁኝ?» አለችን፤ መልስ ያለው ሰው አልነበረም። ሕጉ ለምን እንደ ተሠራ ይገባኛል፤ ሠራተኛዋንም ከአንዳንድ እንግዳ ይጠብቃታል። ነገር ግን ያቺ ሴት ከየብስ የመጣች ናት፤ ልጇን ከእናቷ ዘንድ በታንጋ ትታ የምትኖር ናት። እኅቴ የልጆቿን ፎቶግራፍ ስታሳያት እርሷም የልጇን አሳየቻት። ሁለቱ ቆመው ነበር የሚያወሩት፤ አንዷ የትራስ ልብስ ይዛ።

የሴቲቱ የዕረፍት ቀን እኛ ከምንመለስበት ቀን ጋር ገጠመ። እናቴ አስቀድማ ተነጋግራ ኖሯል፤ በምን ቋንቋ እንደ ተግባቡ አላውቅም። ከጾሙ ሰዓት በኋላ ጀበናዋን በነጠላዋ ጠቅልላ፥ እኅቴን አስከትላ፥ ከገመዱ ወዲያ በምዋኒ አራሾች መንደር ወዳለው ወደ አንዲት ሴት ግቢ ሄደች። ከሰል ምድጃው የባለቤቲቱ ነበር። ጽዳት የምትሠራዋም ሴት በራሷ ልብስ፥ በቀለም ያሸበረቀ ካንጋ ተከናንባ መጣች። እኔ ከእኅቴ ባል ጋር ሕፃናቱን እየጠበቅሁ ቀረሁ፤ ስለዚህ ምን እንደ ተነጋገሩ ልጽፍ አልችልም።

አሥር ሰዓት ሲያልፍ ልጠራቸው ሄድሁ። በግቢው ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ሦስተኛው ቡና ፈልቶ ወርዷል። እኅቴ ራሷን በእናቴ ጭን ላይ አድርጋ በከባድ እንቅልፍ ተኝታ ነበር። ያቺ ሴት የከሰሉን አመድ ቀስ ብላ ትጠርጋለች፤ የቤቱ ባለቤት ዝንብ እንዳያርፍባት በኮኮናት ቅጠል ታራግባለች። የመጣንበትን መኪና ሰዓት ላስታውስ አፌን ስከፍት እናቴ ጣቷን በከንፈሯ ላይ አደረገችና እንድቀመጥ ምንጣፉን አመለከተችኝ።